ገባሩን ነፃ ያወጣው ማን ነው?

በዚህ ዓመት በታሪክ ክፍለ ጊዜ አንድ ክርክር ተነሥቶ ነበር። ጥያቄውም «በመካከለኛው ዘመን የእንግሊዝ አገር ገባር ከቀንበሩ የተላቀቀው በምን ምክንያት ነው?» የሚል ነበር። ከጓደኞቼ የሚበዙት «በወረርሽኝ ነው» አሉ፤ የቀሩትም «ጊዜ ራሱ ያመጣው ነገር ነው» ብለው ደመደሙ። እኔ በሁለቱም አልተስማማሁም፤ ነገር ግን ደወል ስለ ተደወለ ሐሳቤን ሳልጨርስ ቀረሁ። ያን ቀን የቀረብኝን ቃል እነሆ በመጽሔታችን ላይ አቀርባለሁ።

ገባሩ ከመሬቱ ጋር የታሰረ ሰው ነበር። በሳምንት የተወሰኑ ቀኖች የጌታውን እርሻ ያለ ደመወዝ ያርሳል፤ ሴት ልጁን ሲድር ለጌታው ይከፍላል፤ ያለ ፈቃድ ከቀዬው አይወጣም። ከምርቱም ለቤተ ክርስቲያን ዐሥራት ያገባል።

እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1348 ዓ.ም. ታላቁ ወረርሽኝ እንግሊዝ አገር ገባ። ከሕዝቡ ሲሶው፣ ምናልባትም እስከ እኩሌታው አለቀ። መሬቱ ባለበት ሲቀር የሚያርሰው ሰው ጠፋ፤ የተረፈውም ሠራተኛ ከፍ ያለ ደመወዝ ጠየቀ። በዚህ ጊዜ ንጉሥ ኤድዋርድ 3ኛ በ1349 ዐዋጅ አወጣ፤ ፓርላማውም በ1351 በሕግ አጸናው። ሕጉ ሠራተኛው ከወረርሽኙ በፊት ከነበረው ደመወዝ በላይ እንዳይቀበል የሚከለክል ነበር።

እንግዲህ ልብ በሉ! ወረርሽኙ ብቻውን ነፃ የሚያወጣ ቢሆን ኖሮ ይህ ዐዋጅ ስለ ምን ወጣ? ጌቶቹ ሠራተኛ ሲያንስ ቀንበሩን ሊያጠብቁ ፈለጉ እንጂ አላላሉትም። ከኤልበ ወንዝ በስተ ምሥራቅ፣ በፕሩስያና በፖላንድ ያሉ ጌቶችማ በ15ኛውና በ16ኛው ምዕት ዓመት ገባሩን ከመሬቱ ጋር ይበልጥ አሰሩት። ስለዚህ የሠራተኛ ማነስ በሩን ይከፍት እንደ ሆነ ነው እንጂ ሰውን ተሸክሞ አያሻግርም።

በእኔ አስተያየት ልዩነቱን ያመጣው የገባሩ እንቢታ ነው። ሠራተኛው ሕጉን እየጣሰ የተሻለ ወደሚከፍለው ጌታ ሄደ። ከ1378 ጀምሮ ሁለት ሊቃነ ጳጳሳት እርስ በርሳቸው ሲወጋገዙ ምእመናን ማሰብ ጀመሩ። ጆን ዊክሊፍ የተባለው መምህር የቤተ ክርስቲያንን ሀብት ነቀፈ፤ ጆን ቦል የተባለው ቄስ ደግሞ የአዳም ልጆች ሁሉ እኩል መሆናቸውን ሰበከ። በዚህ ላይ በ1377 በነፍስ ወከፍ 4 ፔኒ የነበረው ግብር በ1380 ወደ 12 ፔኒ ከፍ አለ። በሰኔ 1381 የኤሴክስና የኬንት ገበሬዎች ተነሥተው ለንደን ገቡ። የ14 ዓመቱ ንጉሥ ሪቻርድ 2ኛ ነፃ እንደሚያወጣቸው ቃል ገባላቸው፤ በማግስቱ ግን መሪያቸው ዋት ታይለር ተገደለ፤ ቃሉም ታጠፈ፤ ጆን ቦልም ተሰቀለ።

ዐመፀኞቹ ሊቀ ጳጳሱን መግደላቸውንና በፍሌሚሽ ስደተኞች ላይ የፈጸሙትን ግፍ እኔ አላመሰግንም። ይሁን እንጂ «ተሸንፈዋልና ድካማቸው ከንቱ ነው» የሚለውን አልቀበልም። እንዲህ ያለው ግብር ለብዙ ዘመን ዳግመኛ አልተሞከረም፤ በ15ኛው ምዕት ዓመትም ጌቶቹ እየተራ የጉልበቱን ሥራ በገንዘብ ኪራይ ለወጡት።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ አበው «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ይላሉ። ጊዜ ማንንም ነፃ አያወጣም፤ በጊዜው የሚናገር ሰው ነው እንጂ። «ጊዜ ያመጣዋል» እያልን እጃችንን አጣጥፈን የምንቀመጥ ተማሪዎች ከሆንን የተማርነው ታሪክ ለፈተና ብቻ ሆኖ ይቀራል።