ወደ ጓቴማላ ለሚጓዝ ቤተ ሰብ የሚኾን ምክር

ልጆችን ይዞ ወደ ሩቅ አገር መጓዝ ከመጽሐፍ የማይገኝ ትምህርት የሚገኝበት መኾኑ የታወቀ ነው። ይኹን እንጂ ይህ ትምህርት የሚገኘው መንገደኛው አስቀድሞ ሲዘጋጅና በደረሰበት አገር በእንግዳ ሥርዐት ሲመላለስ ነው። እኛ ኢትዮጵያውያን እንግዳን ስለ መቀበል ከልጅነታችን ጀምሮ ብዙ ተምረናል፤ ራሳችን እንግዳ ኾነን ስለ መሄድ ግን የተማርነው ጥቂት ነው። በዚህ ወር የመካከለኛውን አሜሪካ አገር ጓቴማላን ምሳሌ አድርገን ይህንኑ ጉዳይ እንመለከታለን።

ጓቴማላ ከሜክሲኮ በስተ ደቡብ የምትገኝ ተራራማ አገር ናት። ከማያሚ ወይም ከሂውስተን ተነሥቶ በ3 ሰዓት ገደማ በአውሮፕላን ስለሚደረስባት፥ በሰሜን አሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን ለዕረፍት ሊመርጧት ይችላሉ። ከሕዝቧ ብዙ ሰው የጥንቶቹ የማያ ሰዎች ዘር ነው፤ የመንግሥቱ ቋንቋ ከኾነው ከስፓኒሽ ሌላ 22 የማያ ቋንቋዎች ይነገሩባታል። ተራራዋንና የቡና ተክሏን ያየ ኢትዮጵያዊ የራሱን አገር ማስታወሱ አይቀርም። መመሳሰሉ ደስ የሚያሰኝ ቢኾንም ሊያዘናጋን አይገባም።

ከመነሣት በፊት

የአሜሪካ ፓስፖርት የያዘ ሰው እስከ 90 ቀን ድረስ ያለ ቪዛ ለመጐብኘት ይችላል። ነገር ግን በ2006 እ.ኤ.አ. በተደረገው ስምምነት መሠረት ይህ 90 ቀን ለጓቴማላ፥ ለኤል ሳልቫዶር፥ ለሆንዱራስና ለኒካራጓ በአንድነት የሚቈጠር መኾኑ አይዘንጋ። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ግን ቲኬት ከመግዛቱ በፊት ስለ ቪዛው የጓቴማላን ቆንስላ ይጠይቅ። ከአዲስ አበባ የሚነሣ ተጓዥ በአሜሪካ በኩል የሚያልፍ ከኾነ፥ ከአውሮፕላን ማረፊያው ባይወጣ እንኳ የአሜሪካን የመተላለፊያ ቪዛ መያዝ ግዴታው ነው። ይህን ባለማወቅ ብዙ ሰው ከነሻንጣው ከመነሻው ይመለሳል።

ከኢትዮጵያ የሚሄድ ሰው የቢጫ ወባ ክትባት የምስክር ወረቀትም ያስፈልገዋል። ክትባቱ የሚጸናው ከተወጉ ከ10 ቀን በኋላ ስለ ኾነ፥ በመጨረሻው ሳምንት መሯሯጥ ዋጋ የለውም። ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ አንድ ጊዜ የተሰጠ የምስክር ወረቀት ለዕድሜ ልክ ያገለግላል። ወረቀቱም ከፓስፖርቱ ጋር በእጅ ይያዝ እንጂ በሻንጣ ውስጥ አይቀመጥ። ዋናው ከተማ፥ አንቲጓና የአቲትላን ሐይቅ ከፍተኛ ስፍራዎች ስለ ኾኑ ወባ አያሠጋቸውም። ወደ ቈላው የሚወርድ ግን ስለ ወባና ስለ ደንጊ ትኩሳት አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር።

ስለ ወራቱም ማወቅ ይገባል። በጓቴማላ ዝናብ የሚዘንበው ከግንቦት እስከ ጥቅምት ድረስ ነው። ፈረንጆች በጋ የሚሉትን ይህን ጊዜ የአገሩ ሰዎች ልክ እንደ እኛ ክረምት ይሉታል፤ ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ያለውን ደረቅ ጊዜ ደግሞ በጋ ይሉታል። በክረምቱም ቢኾን ዝናቡ የሚወርደው አብዛኛውን ጊዜ ከቀትር በኋላ ስለ ኾነ፥ ማለዳ የሚነሣ ተጓዥ ጕዳዩን ሊፈጽም ይችላል። አንቲጓ ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ያህል ከፍታ ሲኖራት፥ ኬትሳልቴናንጎ የምትባለው ከተማ ግን ወደ 2,300 ሜትር ስለምትደርስ ብርዷ ከአዲስ አበባ አያንስም። ስለዚህ በአንድ ሻንጣ ውስጥ የደጋም የቈላም ልብስ መኖር አለበት።

ከአዲስ አበባ የሚሄዱ ኹለት ነገር ደግሞ ልብ ይበሉ። የጓቴማላ ኤሌክትሪክ እንደ አሜሪካ 120 ቮልት ነው፤ ሰዓቱም ከእኛ በ9 ሰዓት ወደ ኋላ የቀረ ነው። በቤት የቀሩ አረጋውያን ወላጆች በእኩለ ሌሊት ስልክ ተደውሎ እንዳይደነግጡ ይህን ማሰብ መልካም ነው።

የአገሩ ገንዘብ ኬትሳል ይባላል፤ ስሙም ጅራቱ ረዥም ከኾነ አረንጓዴ ወፍ የተወሰደ ነው። 1 የአሜሪካ ዶላር ከ7 ኬትሳል በላይ ከ8 ኬትሳል በታች ሲመነዘር ለብዙ ዓመታት ቈይቷል። የተቀደደ ወይም ጽሕፈት ያለበት ዶላር ብዙ ጊዜ አይቀበሉም። በገበያና በጀልባ ትልቅ ኖት የሚመነዝር ስለማይገኝ ዝርዝር ገንዘብ ይያዝ። ከመኪና ገንዘብ ማውጣት ያስፈለገው ሰው በመንገድ ዳር ሳይኾን በባንክ ቤት ውስጥ ያውጣ።

ስለ መንገድ

በጓቴማላ ለሚጓዝ ቤተ ሰብ ከምክር ኹሉ የሚቀድመው፥ በሌሊት በመንገድ ላይ አለመገኘት ነው። ወንበዴ አለ፤ በክረምት ከተራራ የሚናድ አፈር አለ፤ በጠመዝማዛው መንገድ ላይ ያለ መብራት የሚቀድም መኪና አለ። ፀሓይ ሳትጠልቅ ማረፊያ ቤት ለመግባት የሚያስችል ሐሳብ በማለዳ ይታሰብ። አውሮፕላኑ በምሽት የሚያርፍ ከኾነ በዋናው ከተማ ማደር፥ ወይም ማረፊያ ቤቱ የታወቀ መኪና እንዲልክ አስቀድሞ መስማማት ያሻል። አንቲጓ ከዋናው ከተማ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ትራቅ እንጂ፥ በመኪና ብዛት ምክንያት መንገዱ ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል።

በየመንገዱ በደማቅ ቀለም ያጌጡ አውቶቡሶች ይታያሉ፤ እነዚህ ቀድሞ በአሜሪካ ተማሪ ይመላለስባቸው የነበሩ ናቸው። ለዐይን ቢያስደስቱም በፍጥነታቸውና በዝርፊያ የተነሣ ሕፃናት ለያዘ ሰው አይመከሩም፤ በማረፊያ ቤት በኩል የሚገኘው ትንሽ የመንገደኞች መኪና ይሻላል። ወደ ቲካል የሚሄድም ከዋናው ከተማ እስከ ፍሎሬስ ድረስ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ያህል ይበቃዋል፤ በመኪና ግን ቀኑን ሙሉ ይፈጃል።

ችግር የደረሰበት ጐብኚ በስልክ ቍጥር 1500 የአገሩን የጐብኚዎች ርዳታ ክፍል፥ በ110 ደግሞ ፖሊስን ያገኛል። እነዚህን ቍጥሮች ልጆችም ጭምር በቃላቸው ቢይዟቸው መልካም ነው።

ስለ መብልና ስለ መጠጥ

የቧንቧ ውሃ አይጠጣም፤ ጥርስም ቢኾን በታሸገ ውሃ ይታጠብ። በረዶ የተጨመረበት መጠጥ በረዶው ከምን ውሃ እንደ ተሠራ ካልታወቀ አይጠጣ። ፍሬ ኹሉ በራስ እጅ ተልጦ ይበላ።

ጾም ለሚጾም ቤተ ሰብ የጓቴማላ ገበታ ምቹ ይመስላል፤ የዘወትር ምግቡ ጥቍር ባቄላ፥ የበቆሎ ቂጣ፥ ሩዝ፥ አቮካዶና የተጠበሰ ሙዝ ነውና። ነገር ግን ባቄላው ብዙ ጊዜ በዐሣማ ሞራ ይጠበሳል፤ በቅጠል ተጠቅልሎ የሚቀርበው ታማል የሚባለው የበቆሎ ምግብም እንዲሁ ሞራና ሥጋ አለበት። ስለዚህ ከማዘዝ በፊት «ሲን ማንቴካ» ማለትም «ያለ ሞራ» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። «ሲን ካርኔ» ማለት «ያለ ሥጋ» ማለት ነው፤ ይሁንና ዶሮን ከሥጋ የማይቈጥሩ ብዙዎች ስለ ኾኑ «ሲን ፖዮ» ብሎ መጨመር አይከፋም። ለአይብ «ሲን ኬሶ» ይባላል። ይህን በትሕትና የጠየቀ ሰው ፊት አይነሣም።

ሊታዩ ስለሚገባቸው ስፍራዎች

አንቲጓ እስከ 1773 እ.ኤ.አ. የመሬት መንቀጥቀጥ ድረስ የአገሪቱ ዋና ከተማ ነበረች። የፈረሱት ገዳማትና አብያተ ክርስቲያናት ዛሬም ቆመው ይታያሉ። በሕማማት ሳምንት ሕዝቡ በቀለም በተነከረ የእንጨት ፍቅፋቂ፥ በአበባና በጥድ ቅጠል የተሠራ ምንጣፍ በጐዳናው ላይ ይዘረጋል፤ የጌታን ምስል የተሸከሙት ምእመናን በላዩ ያልፋሉ። የጥድ ቅጠል በበዓል ቀን በወለል ላይ ሲጐዘጐዝ ያየ ኢትዮጵያዊ ቄጤማውን ያስታውሳል። ሳምንቱ የሚውለው በምዕራቡ አቈጣጠር ስለ ኾነ ከእኛ ጋር ሁልጊዜ አይገጥምም። ማረፊያ ቤቶች ከብዙ ወራት በፊት ስለሚያዙ አስቀድሞ ማሰብ ይገባል። ምንጣፉንም ከሰልፉ በፊት መርገጥ ነውር ነው፤ ልጆች በእጅ ይያዙ።

ከአንቲጓ በላይ 3,976 ሜትር የሚደርሰው የአካቴናንጎ ተራራ ይገኛል። ጐረቤቱ ፉዌጎ ዘወትር እሳት ስለሚተፋ ያንን ለማየት ብዙ ሰው በአካቴናንጎ ላይ ያድራል። ይሁንና በጥር 2017 እ.ኤ.አ. 6 ሰዎች በዚሁ ተራራ ላይ በብርድ ሞቱ፤ በሰኔ 2018 እ.ኤ.አ. ደግሞ ፉዌጎ በድንገት ፈንድቶ በሥሩ የነበረችውን መንደር ከነሕዝቧ ቀበራት። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ እንዲሉ፥ ያለ አገሩ መሪና ያለ ወፍራም ልብስ አይወጣ፤ ሕፃናትንም ይዞ አይሞከር።

የአቲትላን ሐይቅ በሦስት የእሳተ ገሞራ ተራሮች መካከል ያለ ነው። ከቀትር በኋላ ሾኮሚል የሚሉት ነፋስ ተነሥቶ ማዕበል ስለሚያመጣ፥ በጀልባ መሻገር የሚፈልግ ሰው በጧት ይሻገር፤ የመዋኛ ሰደርያም ለእያንዳንዱ ልጅ ይጠይቅ። ከዚያ ብዙም ሳይርቅ በቺቺካስቴናንጎ ኀሙስና እሑድ ታላቅ ገበያ ይቆማል። በእኛ አገር ሸማኔው በአብዛኛው ወንድ ነው፤ በዚያ ግን እናቶች ድሩን በወገባቸው ታጥቀው ወጥረው ዊፒል የሚባለውን ቀሚስ መሰል ልብስ ይሠራሉ፤ አንዱን ለመጨረስ ወራት ይፈጃል። ዋጋ መከራከር የገበያ ወግ ነው፤ ይሁን እንጂ የድኻ እናትን የወራት ድካም በጥቂት ሳንቲም ለማስቀነስ መሟገት ለልጆች መልካም ምሳሌ አይኾንም።

ስለ ሕፃናትና ስለ ፎቶግራፍ

አኹን ከኹሉ የሚበልጠውን ጉዳይ እንናገር። በጓቴማላ ደጋ አገር የሰው ልጅ ያለ ወላጁ ፈቃድ ፎቶግራፍ አይነሣም፤ ከረሜላ አይሰጠውም፤ ራሱም አይደባበስም። ይህ ለትሕትና ያህል ብቻ የሚነገር አይደለም። በ1994 እ.ኤ.አ. በሳን ክሪስቶባል ቬራፓስ አንዲት አሜሪካዊት ተጓዥ «ልጅ ልትሰርቅ መጣች» የሚል ወሬ ተነዝቶባት ለሞት እስክትቃረብ በሕዝብ ተደበደበች። በ2000 እ.ኤ.አ. በቶዶስ ሳንቶስ ኩቹማታን አንድ ጃፓናዊ ጐብኚና ጓቴማላዊው የአውቶቡስ ሹፌር በዚሁ ዐይነት ወሬ ተገደሉ። በዚያን ቀን በገበያው መካከል ጐብኚዎች ሕፃናትን ፎቶግራፍ ሲያነሡ ነበር።

ይህን የሰማ ሰው «እንዴት ያለ ጨካኝ ሕዝብ ነው!» ብሎ ቸኩሎ ይፈርድ ይኾናል። ነገሩን የመረመረ ግን እንዲህ አይልም። ከ1960 እስከ 1996 እ.ኤ.አ. በቈየው የርስ በርስ ጦርነት ከ200,000 የሚበልጥ ሰው እንደ ተገደለና እንደ ጠፋ በ1999 እ.ኤ.አ. የእውነት አጣሪው ኮሚሽን አስታውቋል፤ ከታወቁትም ሟቾች ከመቶ 83ቱ የማያ ሰዎች ነበሩ። ከወላጆቻቸው የተነጠቁ ሕፃናትም ነበሩ። ከዚያ በኋላ ደግሞ በየዓመቱ በሺሕ የሚቈጠሩ ሕፃናት በጉዲፈቻ ስም ወደ ውጭ አገር ይወሰዱ ጀመር። ከነርሱም መካከል የተሰረቁና በሐሰት ወረቀት የተሸኙ መኖራቸው ስለ ተገለጠ፥ ከ2008 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ አንሥቶ ለውጭ አገር ሰዎች አዲስ ጉዲፈቻ እንዳይሰጥ ተደረገ። የእኛም አገር በ2018 እ.ኤ.አ. በበኩሏ ይህን መከልከሏ ይታወሳል። እንግዲህ የእነዚያ እናቶች ፍርሀት የመጣው ካዩት ነገር ነው። በደሉ በንጹሓን ላይ መውረዱ ግን እጅግ የሚያሳዝን ነው።

ስለዚህ መንገደኛው ወደ መንደር ሲገባ አስቀድሞ ለሽማግሌዎችና ለእናቶች እጅ ይንሣ፤ «ቡዌኖስ ዲያስ» ብሎ ሰላምታ ይስጥ። ፎቶግራፍ ማንሣት ቢወድ መሣሪያውን ሳያወጣ እናቲቱን ይጠይቅ፤ እንቢ ካለችው አመስግኖ ይለፍ። በልጁም ፊት ይህን ቢያደርግ፥ ልጁ ከቲካል ሕንፃዎች ከሚያገኘው የማያንስ ትምህርት ያገኛል።

ውድ አንባብያን ሆይ፥ አንድ የማናውቀው ባዕድ ሰው በደጃችን ቆሞ ልጃችንን ሳይጠይቀን ፎቶግራፍ ቢያነሣው ምን ይሰማናል? መልሱን እያንዳንዱ ወላጅ ያውቀዋል። ቪዛውና ክትባቱ ወደ አገሩ ድንበር ያስገባሉ፤ ወደ ሰዎቹ ቤት የሚያስገባው ግን ፈቃድ መጠየቅ ነው። መልካም መንገድ ይኹንላችኹ።