ሳይፈተን የወደቀው

ከጥቂት ዓመታት በፊት በክፍሌ ይማር የነበረ አንድ ወጣት ባለፈው ሰሞን ከሚሴ ወደሚገኘው ቤቴ መጣ። አንድ እግሩ ስለማይታዘዝለት በምርኩዝ ይሄዳል። በሒሳብ ትምህርት ግን ከክፍሉ የሚቀድመው አልነበረም፤ ከእኛም ዘንድ ከወጣ በኋላ የሒሳብ አያያዝ ተምሮ ምስክር ወረቀቱን ይዟል።

«መምህር» አለኝ፤ «ሳልፈተን ወደቅሁ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ስሙን መጥራት ከማያስፈልገኝ አንድ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ሠራተኛ ይፈለጋል የሚል ማስታወቂያ አንብቦ ሊመዘገብ ሄደ። መዝጋቢው ክፉ ሰው አልነበረም። ምርኩዙን ተመለከተና «አብሽር ወንድሜ፤ ሥራው ፎቅ ላይ ስለ ሆነ ትቸገራለህ፤ አላህ የተሻለውን ይስጥህ» ብሎ መረቀው። ከኪሱም 50 ብር አውጥቶ ሰጠው። ስሙን ግን አልመዘገበውም።

«ብሩንስ ምን አደረግኸው?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ጠረጴዛው ላይ ትቼለት ወጣሁ» አለኝ።

አባቶቻችን በፍርድ ከሄደች በቅሎ ይልቅ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦ ታሳዝናለች ይሉ ነበር። ይህ ወጣት ተፈትኖ ቢወድቅ ኖሮ ሐዘኑ ቀላል በሆነ ነበር።

ለመሆኑ መንግሥት አካል ጉዳተኞች ሥራ እንዲያገኙ የሚሰጠው ድጋፍ ምንድን ነው? ብዙ ሰው ምጽዋት ይመስለዋል። ሕጉም ቢሆን ዛሬ ወዳለበት አሳብ የደረሰው ቀስ በቀስ ነው። በ1963 ዓ.ም. የወጣው ትእዛዝ ቁጥር 70 አካል ጉዳተኛን ራሱን ሊያስተዳድር የማይችልና ረዳት የሌለው ሰው አድርጎ ይመለከት ነበር። በ1986 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 101 ደግሞ አንዳንድ የሥራ ቦታዎች ለአካል ጉዳተኞች ተለይተው እንዲያዙ አደረገ። ይህም በጎ አሳብ ነበር፤ ነገር ግን ሰውየው በችሎታው ተወዳድሮ መሥራት የማይችል አስመሰለው። ስለዚህ በ2000 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 568 ወጥቶ የቀድሞውን ሻረ፤ ጉድለቱንም በመግቢያው ገለጠ።

የዚህ አዋጅ አሳብ ባጭሩ እንዲህ ነው። የሥራው ጠባይ ካልከለከለ በቀር፣ ተፈላጊውን ችሎታ ያሟላ አካል ጉዳተኛ ያለ አድልዎ ተወዳድሮ ሊቀጠር፣ ሊያድግና ሊሠለጥን መብት አለው። ያገኘው ነጥብ ከሌላው ተወዳዳሪ ጋር እኩል ወይም ተቀራራቢ ከሆነ ቅድሚያ ይሰጠዋል። አሠሪው የሥራውን ቦታና መሣሪያ ለሠራተኛው እንዲስማማ አድርጎ ማዘጋጀት አለበት። በጉዳቴ ምክንያት አድልዎ ደረሰብኝ የሚል ሰው ቢከስም፣ አላደላሁም ብሎ የማስረዳቱ ሸክም በተከሳሹ ላይ ነው። አዋጁን የሚተላለፍ ከ2,000 እስከ 5,000 ብር ይቀጣል።

እንግዲህ አንባቢዎቼ ፍረዱ። ፎቁ ይህን ወጣት ሊያስመልሰው ይገባ ነበርን? ጠረጴዛውን ወደ ምድር ቤት ማውረድ ለሁለት ሰው የሩብ ሰዓት ሥራ ነው።

በዚሁ በወሎ ምድር፣ በአማራ ሳይንት የተወለዱት ወይዘሮ የትነበርሽ ንጉሤ ገና በአምስት ዓመታቸው የዓይናቸውን ብርሃን አጡ። ነገር ግን በሻሸመኔ በዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ተምረው፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ አጥንተው፣ ስለ አካል ጉዳተኞች መብት በመሟገታቸው በ2010 ዓ.ም. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። አንድ ሰው ከትምህርት ቤቱ ደጅ አዝኖላቸው መልሷቸው ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ባልሆነም ነበር።

አዲስ የመንግሥት ሠራተኞች የሆናችሁ አንባቢዎቼ፣ አዋጅ የሚያወጡት ታላላቆች ናቸው። ማስታወቂያ የሚለጥፈው፣ ስም የሚመዘግበውና የፈተናውን ክፍል የሚያሰናዳው ግን ታናሹ ሠራተኛ ነው። ስለዚህ ዓይነ ስውር ሲመጣ ማስታወቂያውን አንብቡለት፤ በምርኩዝ የሚሄድ ካለ ፈተናውን በምድር ቤት አድርጉት። ርኅራኄያችሁ መልካም ነው፤ ነገር ግን ከመመዝገብ በኋላ ይምጣ።

ተማሪዎችም የምትሠሩት አላችሁ። አዋጁ የሚረዳው ችሎታ ያሟላውን ነው፤ ችሎታም ያለ ትምህርት አይገኝም። በጂሌ ጥሙጋም ሆነ በባቲ፣ በጉዳቱ ምክንያት ከቤት የቀረ የጎረቤት ልጅ ካለ ለወላጆቹ ንገሩ፤ ጠዋትም አብራችሁት ወደ ትምህርት ቤት ሂዱ።

ወጣቱ የአዋጁን ቅጂ ይዞ ወደዚያው መሥሪያ ቤት ተመለሰና ተመዘገበ፤ ተፈተነም። ይህን ስጽፍ ውጤቱ ገና አልተነገረም። ቢወድቅ እንደማንኛውም ሰው ወድቆ ነው፤ ቢያልፍ ግን ጠረጴዛ የሚያወርዱ ሁለት ሰዎች ያስፈልጋሉ።