የኤሌክትሪክ ጊታር ማስተካከልና የቅኝት ጥናት ተአማኒነት

የትዝታን፣ የባቲን፣ የአምባሰልን ወይም የአንቺሆዬን ቅኝት ከኤሌክትሪክ ጊታር ቅጂ ለመለካት የሚነሣ ተመራማሪ አስቀድሞ ሊመልሰው የሚገባ ጥያቄ አለ፦ ጊታሩ ራሱ ተስተካክሏል ወይ? ጥያቄው ለጥገና ባለሙያ ብቻ የሚተው አይደለም። በሚገባ ያልተስተካከለ ጊታር 10 ሴንትና ከዚያም በላይ ሊዛባ ይችላል። ግማሽ ድምፅ 100 ሴንት ብቻ በመሆኑ፣ የመሣሪያው ጉድለት የቅኝቱ ጠባይ ተደርጎ ሊጻፍ ይችላል።

የመዛባቱ ምንጭ ግልጽ ነው። ፍሬቶች የሚተከሉት ኦክታቭን ለ12 እኩል ግማሽ ድምፆች በሚከፍል ስሌት ነው፤ የክሩ ርዝመት 648 ሚሊ ሜትር ያህል በሆነበት ስትራቶካስተር ላይ 12ኛው ፍሬት 324 ሚሊ ሜትር ላይ ይውላል። ይሁን እንጂ ክር በጣት ሲጫኑት ይበልጥ ስለሚወጠር ድምፁ ከስሌቱ ከፍ ይላል። ይህን ለማካካስ ርዝመቱ በብሪጁ በኩል በጥቂቱ ይጨመራል። የጭማሪው መጠን ከክር ክር ስለሚለያይም፣ እ.ኤ.አ. በ1954 የወጣው ስትራቶካስተር ለስድስቱም ክሮች የየራሳቸው ተንቀሳቃሽ መቀመጫ ነበረው።

ፋብሪካው ምርመራውን የሚያካሂደው ጊታሩ ከመላኩ በፊት ነው። እንጨት ግን እርጥበትን ይቀበላል፣ ይለቅቃልም፤ በባሕር ማዶ የተመረመረ አንገት በአዲስ አበባ በጋና ክረምት መካከል ጉብጠቱን ሊለውጥ ይችላል። ስለዚህ የጥራት ቁጥጥር በፋብሪካው በር ላይ አያበቃም። ያለቦታው የተተከለ ፍሬት ወይም የተጠማዘዘ አንገት የአምራቹ ጉድለት ነው፤ የአንገት ጉብጠት፣ የክር ከፍታና የክር ርዝመት ግን በተጠቃሚው እጅ የሚታረሙ ናቸው። እርማቱም በቅደም ተከተል ይከናወናል፦ አዲስ ክር ተወጥሮ ከተቃኘ በኋላ አንገቱ በውስጡ በተቀበረው የብረት ዘንግ ይስተካከላል፤ ከዚያ የክሩ ከፍታ፣ በመጨረሻም ርዝመቱ ይታረማል። የፊተኛው እርምጃ የኋለኛውን ስለሚለውጥ ቅደም ተከተሉን ማፋለስ ሥራውን ከንቱ ያደርገዋል።

«ጊታር ተጫዋች ክሩን እየሳበ ድምፁን እንደ ስሜቱ ያጎብጣል፤ የመሣሪያው ልኬት ምን ይረባል?» የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። የተጫዋቹን ፈቃድ ከመሣሪያው ስንፍና ለመለየት የሚያስችለው ግን ይኸው ልኬት ነው። ጊታራቸው በማይገኝ የቆዩ ቅጂዎችም ላይ ቢሆን፣ ዜማው ሲለወጥ የማይለወጥ መዛባት በመሣሪያው ላይ ጥርጣሬን ያሳድራል፤ ከዜማው ጋር የሚለዋወጥ መዛባት ደግሞ ወደ ተጫዋቹ ያመለክታል።

በመሆኑም ጊታር አስቀርጾ የሚለካ ማንኛውም የድኅረ ምረቃ ጥናት የክሮቹን ውፍረት፣ የስድስቱን ክሮች የ12ኛ ፍሬት መዛባት በሴንትና ልኬቱ የተወሰደበትን ቀን የያዘ አንድ ገጽ እንዲያያይዝ ሐሳብ አቀርባለሁ። ይህ ገጽ ከሌለ ገምጋሚው የቀረበው አኃዝ የቅኝቱ ይሁን የእንጨቱ የሚያረጋግጥበት መንገድ የለውም።