አማርኛ ከጆርጅታውን



«እዚህ አገር ተወልዶ አማርኛ ከየት ይማራል?» ትሉኛላችሁ። እስቲ ልንገራችሁ።

እ.ኤ.አ. በ1962 ሰመር፣ ወደ 300 የሚጠጉ አሜሪካውያን የሰላም ጓድ አባላት እዚሁ ዋሽንግተን፣ ጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ቁጭ ብለው አማርኛ ተማሩ። በሴፕቴምበር ኢትዮጵያ ገብተው አስተማሪ ሆኑ። ሁለተኛ ደረጃ የሚያስተምሩት በእንግሊዝኛ ነበር። አማርኛው የሚያስፈልጋቸው ከክፍል ሲወጡ ነው፦ ገበያ ላይ ዋጋ ሲጠይቁ፣ ጎረቤት ቡና ሲጠራቸው።

ቋንቋ እንዲህ ሲሠሩበት ነው የሚጠነክረው። ስለዚህ ወላጆች፣ ሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ አሌክሳንድሪያ ሐበሻ ሱቅ ስትገቡ ልጁ ራሱ ይጠይቅ፦ «እንጀራ አለ? ስንት ነው?» ቢሳሳት አትሳቁበት፤ ከሳቃችሁበት ሁለተኛ አይሞክርም።

ልጆች፣ እኔ ጋ መጥቶ በአማርኛ ላዘዘ አንድ ሳምቡሳ በነፃ!