ከስካነሩ በፊት ፎርማሊኑ

ደጋ ላይ በግ የሚያረባ አርሶ አደር ይህን ያውቀዋል። በጉ ያስላል፤ እየበላ ይከሳል፤ ከወራት በኋላ ይሞታል። ባለቤቱም "ሳል ገደለው" ይላል። ሳሉ ግን ከሳንባ ትል ሊመጣ ይችላል፤ ማዲ ቪስና ከሚባለው የቫይረስ በሽታ ወይም ከሳንባ ዕጢም ሊሆን ይችላል። ለትሉ መድኃኒት አለ። ለሁለቱ የለም፤ ያለው አማራጭ የታመመውን ለይቶ ከመንጋው ማውጣት ነው። ሳይለዩ መድኃኒት መግዛት ብርን ሜዳ ላይ መበተን ነው።

ለመለየት ከሚረዱት መንገዶች አንዱ ከሞተው በግ ሳንባ ናሙና ወስዶ በማይክሮስኮፕ መመርመር ነው። ናሙናው ሰም ውስጥ ገብቶ ከአንድ ሚሊ ሜትር 200ኛ እጅ ገደማ ስስ ተደርጎ ይቆረጣል፤ መስታወት ላይ ተለጥፎም ቀለም ይነከራል። ዛሬ ይህን መስታወት ራሱ እያነሳ፣ ራሱ እያተኮረ ከዳር እስከ ዳር ፎቶ የሚያነሳ ስካነር አለ። ብዙ ትንንሽ ፎቶዎችን አጋጥሞ አንድ ትልቅ ምስል ያደርጋል፤ ባለሙያውም ሌላ ከተማ ተቀምጦ በኮምፒዩተር ያየዋል።

ይህን የሰማ ኃላፊ "ለእኛም ይገዛልን" ቢል አልፈርድበትም። ነገር ግን መሣሪያው ውድ ነው፤ የአንድ መስታወት ምስል ብቻ ከአንድ ጊጋባይት ሊበልጥ ይችላል፤ መብራትና ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ወረዳ ምን ይሠራል? ለክልል ላቦራቶሪ አንድ ቢኖር ይበቃል። ወረዳው የሚያስፈልገው 10 በመቶ ፎርማሊን፣ ሰፊ አፍ ያለው ዕቃና ስለት ነው።

አንድ ጊዜ በፌስታል የተቋጠረ ሳንባ በአውቶቡስ ተልኮ ሲደርስ አይቻለሁ። ከሽታው በቀር የሚነግረን ነገር አልነበረውም። የበሰበሰን ሥጋ ስካነር ቢያነሳው ብስባሹን አጥርቶ ያሳየናል እንጂ በሽታውን አይነግረንም። ናሙናው ከታመመውና ከጤነኛው ክፍል መጋጠሚያ ላይ፣ ከ1 ሴንቲ ሜትር ሳይወፍር ተቆርጦ፣ 10 እጥፍ በሚሆን ፎርማሊን ውስጥ ወዲያው መግባት አለበት። በረዶ ቤት ማስገባት ያበላሸዋል። ፎርማሊን መርዝ ስለሆነ ሥራው የእንስሳት ሐኪሙ ነው።

በድንገት የሞተና ከአፍንጫው ወይም ከፊንጢጣው ያልረጋ ደም የሚፈሰው እንስሳ ግን አባ ሰንጋ ሊሆን ስለሚችል በፍጹም አይከፈትም፤ ለጤና ኬላው ይነገራል።

ውጤቱስ? ናሙና የሰጠ አርሶ አደር መልስ ሳይሰማ ከቀረ በሚቀጥለው ጊዜ የሞተውን በግ ለውሻ ይጥለዋል።