ጉባ ግድብ፣ ኩርሙክ ወርቅ፣ ጾሬ መጠለያ

«በሦስት ወር ዲጂታል ማርኬተር ይሁኑ» የሚል ማስታወቂያ ያልደረሰው ወጣት ያለ አይመስለኝም። ቴሌግራም ላይ አለ፣ ቲክቶክ ላይ አለ፣ የመብራት ምሰሶ ላይም በወረቀት ተለጥፎ አይቻለሁ (ዲጂታል ማርኬቲንግን በሙጫ መሸጥ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ ልተወው)። ትምህርቱ የትም ብትሄዱ አንድ ነው። ፔጅ አከፋፈት፣ ቡስት አደራረግ፣ ካንቫ ላይ ፖስተር አሠራር፣ ማለቂያው ላይ ደግሞ ግማሽ ቀን «ኤስኢኦ»፣ ማለትም ድረ ገጽን የፍለጋ ሞተር ላይ ከፍ ብሎ እንዲወጣ የማድረግ ሥራ። ከዚያ ሰርተፍኬት፣ ከሰርተፍኬቱ ጋር ፎቶ።

የተማርኩት ምህንድስና ነው፤ እንጀራዬ ደግሞ ሶፍትዌር መጻፍ። ከዚህ ሙያ ጋር የሚያገናኘኝ ድረ ገጽ በሠራሁ ቁጥር ደንበኛው የማይረሳት አንዲት ጥያቄ ናት፦ «ጉግል ላይ አንደኛ ታወጣኛለህ አይደል?» ሥራውን አልንቅም። ገበያ ላይ ቅቤ ይዛ የወጣች ሴትም «ቅመሱልኝ» ትላለች፤ ሳይጠሩ የሚሸጥ ነገር የለም። የምጣላው ከምንሸጠው ዕቃ ጋር ነው። እኛ አገር «ዲጂታል ማርኬቲንግ» ተብሎ በብዛት የሚሸጠው መታየት አይደለም፤ የታየሁ የመሰለኝ ስሜት ነው። ለዚህ ስሜት ከሁሉ በላይ የሚከፍለው ደግሞ ከአዲስ አበባ የራቀው ሰው ነው። ጾሬን እንደ ምሳሌ ልውሰድ።

ጾሬ አሶሳ ዞን ውስጥ ናት፣ የበርታ አገር። ስሟን በላቲን ፊደል ጽፋችሁ ፈልጉ። የሚመጣላችሁ በብዛት የስደተኞች መጠለያው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2015 የተከፈተ፣ ከሱዳንና ከደቡብ ሱዳን የሸሹ ሰዎች የሚኖሩበት። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽን ሪፖርት፣ የእርዳታ ድርጅቶች ካርታ፣ የውኃና የመጸዳጃ ቤት ቁጥር። ውሸት የለበትም። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2023 ሱዳን ውስጥ ጦርነቱ ከፈነዳ ወዲህ በኩርሙክ በኩል ስንት ሰው እንደገባ ለሚያውቅ፣ ስለ መጠለያ መጻፍ ቅንጦት አይደለም። ግን ጾሬ ከመጠለያው በፊትም ጾሬ ነበረች። ሰው ያርስባታል፣ ይዳርባታል፣ ይቀበርባታል። ይሄኛው ጾሬ የትም ገጽ ላይ የለም ማለት ይቻላል።

ጎረቤቶቿንም ሞክሩ። ጉባ ብላችሁ ብትፈልጉ ግድብ ነው፤ መጋቢት 24 ቀን 2003 መሠረቱ ከተጣለበት እስከ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ምረቃው ድረስ ያለው ሁሉ። ኩርሙክ ብትሉ የወርቅ ኩባንያ ዜና። አንድ ቦታ፣ አንድ ቁልፍ ቃል። እዚያ ለሚኖረው ሰው ቁልፍ ቃል አልደረሰውም።

«ጉግል ጠልቶን ነው» የምትሉ ካላችሁ፣ አይደለም። ላሪ ፔጅና ሰርጌ ብሪን እ.ኤ.አ. በ1998 ያቀረቡት ሐሳብ መሠረቱ ቀላል ነው፦ አንድ ገጽ ወደ ሌላ ገጽ ሊንክ ሲሰጥ ድምፅ እንደ መስጠት ይቆጠራል፣ ብዙ ድምፅ ያለው ገጽ የሰጠው ድምፅ ደግሞ ይበልጥ ይመዝናል። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተጨማምሮበታል፤ ይህ አስተሳሰብ ግን አልጠፋም። በዚህ ምርጫ ላይ ስለ ጾሬ ድምፅ የሰጠው ማን ነው? ድረ ገጽ ያለው። ድረ ገጽ ያለው ማን ነው? ጄኔቭ ያለ ድርጅት። እኛ በበኩላችን ስለ ጾሬ የምናውቀውን ሁሉ ፌስቡክ ላይ ለጥፈን፣ ቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ተከራክረን፣ ተኝተናል። ከዚህ አብዛኛው የፍለጋ ሞተር የማይደርስበት ወይም ደርሶ የማያወጣው ነው። እንዲህ አድርገን ድምፃችንን ሳንሰጥ ቀርተን ውጤቱ ሲወጣ እንገረማለን።

ታዲያ የኤስኢኦ ባለሙያ የሚባለው ሰው ሥራው ይህን መሙላት አልነበረም? ነበር። የሚያደርገውን ልንገራችሁ። የቁልፍ ቃል መሣሪያ ይከፍታል፣ «ጾሬ» ብሎ ይጽፋል፣ መሣሪያው ዜሮ ወይም ሰረዝ ያሳየዋል። «ፈላጊ የለውም» ይላል፣ ይዘጋል። ከዚያ ለአሶሳው ደንበኛ በእንግሊዝኛ «በኢትዮጵያ ምርጥ አስመጪ» የሚል ዓይነት ገጽ ይጽፍለታል፤ ከአዲስ አበባና ከዱባይ ነጋዴ ጋር የሚያጋፋውን። ያ ዜሮ ግን «ማንም አይፈልግም» ማለት አይደለም። «በቂ መረጃ የለኝም» ማለት ነው። መልስ የሌለበት ቦታ ላይ ሰው መጠየቅ ያቆማል፣ የማይጠየቅ ነገር ደግሞ አይቆጠርም፣ ያልተቆጠረውን የሚጽፍ የለም። ክቡ እንዲህ ይዞራል፤ ከውስጡ ሊያስወጣን የሚችለው ባለሙያ ደግሞ ዜሮውን እንደ ፍርድ አንብቦ ሄዷል።

ነገሩ ፊደላችን ውስጥም አለ። ጾሬ በጸሎቱ «ጾ» ትጻፍ ወይስ በፀሐዩ «ፆ»? ለጆሮ ልዩነት የለውም። ለኮምፒውተር ግን በዩኒኮድ ሰንጠረዥ ላይ «ጾ» ቁጥር 4926 ነው፣ «ፆ» ደግሞ 4934። ስምንት ቁጥር የሚራራቁ፣ ምንም የማይዛመዱ ሁለት ፊደላት። የዩኒኮድ የማስተካከያ ሕግ አንድ አያደርጋቸውም፤ የፍለጋ ሞተሩ አንድ መሆናቸውን ከብዙ ጽሑፍ መማር አለበት፣ ብዙ ጽሑፍ ደግሞ የለም። «ሀ፣ ሐ፣ ኀ» አለ፣ «ሰ፣ ሠ» አለ፣ «አ፣ ዐ» አለ። የክልሉ ስም ራሱ አንዴ ቤኒሻንጉል፣ አንዴ ቤንሻንጉል ነው። ሊንኩ ላይ ስትመጡ ደግሞ አንድ የአማርኛ ፊደል ኮፒ ሲደረግ የሚዘረገፈው ዘጠኝ ምልክት ነው፤ ሁለት ፊደሏ ጾሬ 18 ትሆናለች። ይሄ ሁሉ ሊሠራ የሚችል፣ አሰልቺ ግን የሚያኮራ የምህንድስና ሥራ ነው። ገጽ ውስጥ ሁለቱንም አጻጻፍ ማስገባት፣ የድረ ገጹ ፍለጋ ፊደሎቹን አንድ አድርጎ እንዲያነብ ማድረግ፣ አጭር የላቲን ሊንክ መስጠት። የትኛው ሥልጠና ላይ ነው ይሄ የሚነገረው? እኔ አላጋጠመኝም። እንግሊዝኛ ለሚጽፍ ሰው የተሠራ የዩቲዩብ ትምህርት ተርጉመው «ኪወርዱን ርዕስ ውስጥ አስገቡ» ብለው ይለቁናል።

አሁን ስለ ገንዘቡ። አሶሳ ውስጥ የግንባታ ዕቃ የሚሸጥ አንድ ነጋዴ አውቃለሁ። ስሙም፣ የሠሩለት ሰዎች ስምም ይቅር። አዲስ አበባ ላሉ «ኤጀንሲ» ነን ባዮች ለተወሰኑ ወራት ከፈለ። ፔጁ በሺህ የሚቆጠር ፎሎወር አገኘ፣ በየወሩ መጨረሻ ወደ ላይ የሚወጣ ግራፍ ያለበት ሪፖርት ይደርሰዋል። አንድ ቀን ደውሎልኝ፦ «ወንድሜ፣ ይሄ ሁሉ ሰው ከወደደኝ ሲሚንቶ አለ ወይ ብሎ የሚደውል እንዴት አንድ ይጠፋል?» አለኝ። ገብቼ ሳየው ከፎሎወሮቹ ብዙዎቹ የተገዙ ናቸው። ስልክ ቁጥሩ ከፖስተሩ ሥዕል ውስጥ እንጂ በጽሑፍ የትም የለም፤ ስለዚህ ተጭኖ መደወል አይቻልም። ደረሰኙ ላይ «ሎካል ኤስኢኦ ፓኬጅ» የሚል መስመር አለ። ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ሱቁን ጉግል ካርታ ላይ ማስመዝገብ። ይሄ በነፃ ነው። ለዚያውም ነጥቡ የተተከለው ሱቁ የሌለበት ቦታ ላይ ነበር።

ቡስቱ ደግሞ በዶላር ነው። የእኛ ብር ፌስቡክ ጋ አይሠራም፤ ስለዚህ ውጭ ባለ ዘመድ ካርድ ይከፈልና ነጋዴው ላይ በብር፣ ከነትርፉ፣ ይታሰባል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሩ ለገበያ ሲለቀቅ ባንክ ውስጥ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 አለፈ። ያው አንድ ፖስት፣ ያው ላይክ፣ እጥፍ ዋጋ። አገሩ ዶላር ሲያጣ መድኃኒትም ነዳጅም ያንሳል፤ እኛ ግን ዶላር አሳደን ለማይገዛ ሰው ፖስተር እናሳያለን።

«ደንበኛው ራሱ እኮ ነው ላይክ የሚለው» የሚል መልስ በደንብ አውቃለሁ። ሐኪም ዘንድ ሄጄ «መርፌ ውጋኝ» ብል ዝም ብሎ ይወጋኛል? ደንበኛው ላይክ የሚለው ላይክ ምን እንደሆነ የነገርነው እኛ ስለሆንን ነው። ማስታወቂያውን በተመለከተም ሕግ አለ፤ የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። የተገዛ ሺህ ፎሎወር «ሺህ ሰው ያምነኛል» ብሎ ከማስነገር በምን ይለያል?

የተከራየነው ቤት ነገርም አለ። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ያለ ቪፒኤን አይከፈቱም ነበር። አምስት ወር። ሱቁ፣ ስልኩ፣ ዋጋው፣ የደንበኛው መልእክት ሁሉ አንድ ፔጅ ላይ ያለ ሰው በዚያ ወቅት በሩ ላይ ቁልፍ እንደተሰቀለበት ነው። ሦስት ገጽ ያለው ተራ ድረ ገጽ ግን ይከፈት ነበር። ከዚያ በኋላ ስንቱ ኤጀንሲ ምክሩን ቀየረ? ቪፒኤን መጠቀም ነው ያስተማሩን።

ከሁሉ የሚከፋኝ ግን «ኢንጌጅመንት» ነው። «አነጋጋሪ ነገር ልጠፍ፣ ሰው ይናደድ፣ ኮመንት ይብዛ» የሚለው ምክር በየሥልጠናው እንደ ጥበብ ይነገራል። ይህን ምክር ቤኒሻንጉል ውስጥ ለሚኖር ሰው ስትሰጡ ቆም በሉ እንጂ። እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ፌስቡክ የንዴት ምልክቷን ከአንድ ላይክ አምስት እጥፍ አድርጎ ይመዝን ነበር፤ ወደ ዜሮ ያወረዳት እ.ኤ.አ. በ2020 መስከረም ላይ ነው። በእነዚያው ዓመታት መተከል ውስጥ ሰው በማንነቱ ይታረድ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2020 ቡለን ወረዳ በኩጂ ላይ የሆነውን የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ግድያውን ፌስቡክ ፈጠረው አልልም። ፍራንሲስ ሃውገን እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2021 አሜሪካ ምክር ቤት ቀርባ ስትመሰክር ግን ኢትዮጵያን በስም ጠርታለች። ከዚያ በኋላ «ንዴት ይሸጣል» ብሎ ማስተማር አለማወቅ አይባልም። ለጫማ ማስታወቂያ ብለን የምንኮረኩረው ማሽንና ያኛውን የሚያሠራጨው ማሽን አንድ ነው።

«ታዲያ ምን እንሥራ? ሥራ የለም፣ ኪራይ አለ» ትሉኛላችሁ። ልክ ናችሁ። ክልሉ ላይ ያለ ተመራቂ በስልኩ የሚሠራ ሥራ ማግኘቱ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ሥራውን ተዉት እያልኩ አይደለም። እንዲያውም ብዙ ያልተሠራ ሥራ አለ እያልኩ ነው፤ አንዱን ላሳይ።

አሶሳ ማንጎ አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ምሥራቅ ወለጋ ውስጥ አንድ የማንጎ ተባይ መኖሩ ተመዘገበ፤ ከዚያ ወደ ምዕራብ ተስፋፍቶ አሶሳ ዙሪያ ደረሰ። ቅጠሉ ላይ ነጭ ነጭ ነጠብጣብ ይሠራል፣ ፍሬው ላይ ሮዝ መሰል እድፍ ይተዋል፣ ያ ፍሬ ገበያ ላይ ዋጋ ያጣል። በእንግሊዝኛ የምርምር መጽሔቶች ላይ ስለዚህ ተባይ ብዙ ተጽፏል፤ የእኛው አገር ተመራማሪዎች ናቸው የጻፉት። አሁን ጾሬ ያለ የገበሬ ልጅ ስልኩን አንሥቶ «ማንጎ ቅጠል ላይ ነጭ ነጥብ» ብሎ ይጻፍ። የሚያገኘውን ራሳችሁ ሞክሩት። ይህ ልጅ የቁልፍ ቃል መሣሪያ ላይ ዜሮ ነው።

አንድ ገጽ ይበቃዋል። የተመራማሪዎቹን ጽሑፍ አንብቦ በአማርኛ መጻፍ፤ አማርኛ የክልሉ የሥራ ቋንቋ ነው፣ ከጎኑ በርታኛውን በላቲን ፊደል ማስቀመጥ። ርዕሱ የተባዩ ሳይንሳዊ ስም ሳይሆን ገበሬው የሚያየው ነገር ይሁን፤ ነጭ ነጥብ። የታመመ ቅጠልና የታመመ ፍሬ ፎቶ፣ በሁለት ጂም ዳታ የማይበላ ቀላል ፎቶ። የተጠቃው ቅርንጫፍ እንዴት እንደሚገረዝ። የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ስልክ፣ በሥዕል ሳይሆን ተጭነው በሚደውሉት ጽሑፍ። ጾሬም ፆሬም፣ ቤኒሻንጉልም ቤንሻንጉልም ይግቡበት። ከዚያ የወረዳው ገጽ፣ ዩኒቨርሲቲው፣ የምርምር ማዕከሉ ሊንክ እንዲሰጡት ሄዶ መለመን፤ እውነተኛው ኤስኢኦ ይሄ ልመና ነው፣ ኮዱ ትንሹ ክፍል ነው። የችግኝና የመርጨ መሣሪያ ነጋዴ በገጹ ግርጌ «ይህን ያዘጋጀው እገሌ ሱቅ ነው» ብሎ ቢከፍላችሁ ደስ ይለኛል፤ በሐቅ የተበላ ብር ነው። የሚደውልለት ሰው ማንጎ ያለው ሰው ስለሚሆን ግራፍ አይጠይቃችሁም።

ከላይ ደግሞ የተጻፈበትን ቀን አስገቡበት፤ በሚቀጥለው የማንጎ ወቅት ተመልሳችሁ የምታድሱት ገጽ ነው።