መስታወቱ ተከፈለ፤ መሣሪያውስ?

ከዓምደኛው

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ መገናኛ የቆመ ሰው የሚያልፉትን ሚኒቫኖችና ፒክአፖች ኋላቸውን ይይ። የብየዳ ማሽን አለ፣ ጄኔሬተር አለ፣ ሂልቲ፣ ግራይንደር፣ የተጠቀለለ ኬብል፣ ጣሪያው ላይ የታሰረ መሰላል። ጥር ሲገባ ደግሞ ስፒከርና ሚክሰር የጫነው የሠርግ ዲጄ ይጨመራል። ባለቤቱን «ኢንሹራንስ አለህ?» ብትሉት የፊት መስታወቱ ላይ የተለጠፈውን ስቲከር በጣቱ ያሳያችኋል። አቅሙ የጠና ከሆነ ደግሞ «ሙሉ ነው የገባሁት» ይላል። አንዳቸውም አልዋሹም። መኪናው ሆድ ውስጥ ላለው ንብረት ግን አንዳቸውም የአንድ ብር ሽፋን ላይኖራቸው ይችላል።

የአገራችን የመድን ገበያ የመኪና መድን መሸጥን ያህል የለመደው ነገር የለም። ከጠቅላላ መድን ትልቁን የዓረቦን ድርሻ የሚያስገባው የሞተር መድን ነው፤ ኩባንያዎቹም እርስ በርስ በዋጋ የሚሻሙት በዚሁ ነው። ለባለሙያው ግን መኪናው መጓጓዣው ብቻ ነው። እንጀራው ያለው ከኋላ መቀመጫው ጀርባ ነው። ገበያው ከፊት ያለውን ይሸጥለታል፤ ከኋላ ስላለው አይጠይቀውም። ሰውየውም ስላልተጠየቀ የተካተተ ይመስለዋል።

የማውቀው አንድ ኤሌክትሪሺያን አለ፤ ሶላርና ጄኔሬተር ይገጥማል። ባለፈው ክረምት አያት አካባቢ ሲሠራ ውሎ መሸበት። ጭቃው መኪናውን አላስኬድ ስላለ ከሳይቱ አጥር ውጭ አቁሞት በታክሲ ወደ ቤቱ ገባ። ሌሊት የኋላው መስታወት ተሰብሮ ሂልቲው፣ ሁለት ግራይንደር፣ የኬብል መቁረጫው፣ መልቲሜትሩና ሁለት ጥቅል ገመድ ተወሰዱ። ፒንሳና ካቻቢቴ የሚይዝባት አሮጌ ሳጥን እንኳ አልቀረችም። ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ አስመዘገበ፤ ሙሉ ኢንሹራንስ ነበረውና ክሌም አቀረበ። የመጣው ሰርቬየር ጨዋ ሰው ነበር። የተሰበረውን መስታወት ፎቶ አነሳ፣ የተጣመመውን የበር ቁልፍ አየ፣ አንገቱን ወደ ውስጥ አስገብቶ ባዶውን ወለል ተመለከተ። ከዚያ «እዚህ የነበረው በእኛ ውል ውስጥ የለም» አለው። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ መስታወቱና ቁልፉ ተተኩ። መኪናው እንደ ድሮው ሆነ፤ ሰውየው ግን ሥራ ቢጠራ የሚሄድበት እንጂ የሚሠራበት አልነበረውም።

ኩባንያው ሕግ አልጣሰም፤ ይህን ቀድሜ ልበል። ውሉን አምጥቶ ላነበበው ሰው ነገሩ ግልጽ ነው። የሞተር መድን የሚሸፍነው ተሽከርካሪውንና ከተሽከርካሪው ጋር የተገጠመውን ነው። ተጋጭቶ፣ ተገልብጦ፣ ተቃጥሎ ወይም ተሰርቆ መኪናው ሲጎዳ ይከፍላል። የተጫነ ዕቃ ሌላ ጉዳይ ነው። ጥያቄው ያንን ውል ማን ያነበዋል የሚለው ነው። አብዛኛው ፖሊሲ በእንግሊዝኛ፣ ያውም በጠበቃ እንግሊዝኛ የተጻፈ ነው። ቧንቧ የሚሠራው ሰው፣ በያጁ፣ የሳተላይት ዲሽ ገጣሚው በአማርኛ ተደራድሮ፣ በአማርኛ ከፍሎ፣ የማያነበው ወረቀት ይዞ ይወጣል። ወረቀቱ የሚነበበው አደጋ ከደረሰ በኋላ ነው፤ አንባቢውም የክሌም ክፍሉ ይሆናል።

ሦስተኛ ወገን የሚባለውን መድን ቶሎ እንለፈው። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት ማንም ባለመኪና ያለሱ መንገድ ላይ መውጣት አይችልም። የወጣው በመኪናው ለሚገጩ ሰዎችና ለሌላ ሰው ንብረት ነው። ለራስ መኪና አይደለም፤ መኪናው ውስጥ ላለ የራስ ዕቃማ ጭራሽ። ትራፊክ ፖሊስ የሚጠይቀው ይህንን ስለሆነ ብዙ ሰው ኢንሹራንስ ማለት ይኸው ስቲከር ይመስለዋል።

ዋናው ነገር ያለው ከዚህ በኋላ ነው። መሣሪያን የሚሸፍን ውል በአገራችን የለም ማለት አይደለም፤ አለ፣ ግን ተበታትኖ ነው ያለው። የዕቃ ጉዞ መድን የሚባለው መኪናው ተጋጭቶ ወይም ተገልብጦ ጭነቱ ሲጎዳ ይጠቅማል። ይህ ግን በባሕርዩ ከአንድ ቦታ ተጭኖ ሌላ ቦታ ለሚራገፍ ሸቀጥ የታሰበ ነው። የባለሙያ መሣሪያ አይራገፍም፤ ወጥቶ ተመልሶ እዚያው ይገባል። መኪናው ለአራት ሰዓት ሳይት ደጃፍ ሲቆም «ጉዞ» ላይ ነው ወይስ አይደለም? ሌሊት ግቢ ውስጥ ሲያድርስ? የስርቆት መድን ደግሞ አለ፤ እሱ የተጻፈው ለሱቅና ለመጋዘን ነው፤ አድራሻ ይፈልጋል፣ ሰብሮ የመግባት ምልክትም ይፈልጋል። በሩ ሳይቆለፍ ቀርቶ የተወሰደ ዕቃ፣ ወይም ረዳቱ ራሱ አውጥቶ የሸጠው ድሪል በዚህ ውል አይከፈልም፤ ለሠራተኛ እምነት ማጉደል ሌላ ዋስትና ነው የሚገዛው። ለኮንትራክተር ማሽነሪ የሚሸጠው የምህንድስና መድንም ሎደርና ሚክሰር ላለው እንጂ አንድ የብየዳ ማሽን ላለው ሰው ተብሎ አልተዘጋጀም። ለአንድ ሚኒቫን የሚስማማ ሽፋን ለማግኘት ባለሙያው ከሦስት ውል ቁራጭ ቁራጭ ለቅሞ መስፋት አለበት። ይህን የሚሰፋለት ጥሩ ደላላ ካገኘ ዕድለኛ ነው።

በብሪታንያ ከተሞች የባለሙያ ቫኖች ኋላ ላይ «ሌሊት መሣሪያ አይቀመጥበትም» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎ ማየት የተለመደ ነው። ሌባን ለማባረር ነው፤ ግን የመድን ገበያውም አሻራ አለበት። እዚያ የመሣሪያ ሽፋን ከቫኑ መድን ጋር በተጨማሪ ክፍያ ይሸጣል፤ ብዙ ጊዜም ሌሊት መኪና ውስጥ ያደረ ዕቃ አይከፈልም ወይም በተቆለፈ ግቢ ካላደረ አይከፈልም የሚል ሁኔታ ይጻፍበታል። ሁኔታው ከባድ ነው። ቢሆንም ሰውየው ምሽት ላይ ምን ማድረግ እንዳለበት ያውቃል። የኛ ሰው የሚያውቀው የሠፈሩ ጥበቃ በወር ስንት እንደሚከፈለው ነው።

ኩባንያዎቹን ብቻ መውቀስ ግን አይገባም። ከወንበራቸው ሆኖ ለሚያየው ፍርሃታቸው መሠረት አለው። መርካቶ ግራይንደር የገዛ ሰው ደረሰኝ ይጠይቃል? ብዙዎች አይጠይቁም፤ ያለ ደረሰኝ ዋጋው ይቀንሳላ። ከምናለሽ ተራ ያገለገለ የገዛ ደግሞ ደረሰኝ ቢጠይቅ ይስቁበታል። ሲሪያል ቁጥር የጻፈ፣ ፎቶ አንስቶ ያስቀመጠ ባለሙያ ከመቶ አንድ ቢገኝ ነው ብዬ እገምታለሁ። እንዲህ ሆኖ አንድ ሰው መጥቶ «አራት ሂልቲ ጠፋብኝ» ቢል፣ አንድ ይሁን አራት በምን ይታወቃል? መድን ሰጪው የማያየውንና የማይቆጥረውን ነገር አልሸፍንም ቢል ነጋዴ ነውና አይፈረድበትም። የምፈርድበት ለማየትና ለመቁጠር ባለመሞከሩ ነው። ስልክ ካሜራ በያዘበት ዘመን ባለሙያው ዕቃውን አንድ በአንድ ፎቶ አንስቶ፣ ሲሪያል ቁጥሩን አሳይቶ፣ ውሉ ሲፈረም ዝርዝሩ አባሪ ይሁን ማለት ምን ያስቸግራል? ወለሉ ላይ የተበየደ፣ በሁለት ቁልፍ የሚዘጋ የብረት ሳጥን ያለው መኪና ከሌለው መኪና ያነሰ ቢከፍል ስንቱ በያጅ በራሱ እጅ ሠርቶ ያስገባ ነበር! ሥራው አይደል?

አሁን ደግሞ ከዚህ ሁሉ የባሰ ችግር መጥቷል። ብር በገበያ እንዲመራ ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 በፊት 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ተሻገረ፤ ከዚያም አልተመለሰም። ሂልቲም፣ ጄኔሬተርም፣ የብየዳ ማሽንም ከውጭ የሚገቡ ናቸው። ነዳጅ የሚጠቀሙ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ የአሮጌ መኪና ዋጋም የሄደበትን ሁሉም ያውቃል። በውሉ ላይ የተጻፈው ዋጋ ግን ብዙ ጊዜ የአምናው ነው፤ አንዳንዴም የካቻምናው። እድሳት ሲመጣ ባለመኪናው «ያው እንዳለፈው» ይላል፣ ዓረቦኑ እንዳይጨምርበት። ወኪሉም ደንበኛው እንዳይሸሽበት አይከራከርም።

ሒሳቡን እንይ። መሣሪያው ዛሬ ቢገዛ 600 ሺህ ብር ያወጣል እንበል፤ ውሉ ላይ የተጻፈው ግን 300 ሺህ ነው። የ100 ሺህ ብር ዕቃ ተሰረቀ። ሰውየው «300 ሺህ ገብቻለሁ፣ የጠፋው 100 ሺህ ነው፣ ሙሉውን ይከፈለኛል» ብሎ ይጠብቃል። አይከፈለውም። ንብረቱን በግማሽ ዋጋ ስላስመዘገበ ለቀረው ግማሽ ራሱ መድን ሰጪ እንደሆነ ይቆጠርና 50 ሺህ ይሰላለታል። ከዚያ ላይ ደግሞ በውሉ የተጻፈው ተቀናሽ ይነሳል። ተቀናሹ 10 ሺህ ከሆነ እጁ የሚገባው 40 ሺህ ነው። ብዙ ጠብ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው፤ «ሌቦች ናችሁ» የሚለው ስድብም የሚሰማው በዚሁ መስኮት ነው። የሚያሳዝነው ስሌቱ ትክክል መሆኑ ነው። ትክክል ያልሆነው የገንዘብ ዋጋ እንዲህ በተናወጠበት ጊዜ ደንበኛውን ጠርቶ «የንብረትህን ዋጋ አስተካክል» አለማለት ነው። ለበዓል የእንኳን አደረሰህ መልእክት መላክ የሚችል ኩባንያ ይህንንም በአጭር መልእክት መላክ ይችላል።

ሌላው ሰው የማይነግራችሁ ነገር የታርጋው ኮድ ነው። በኮድ 2 ታርጋ የራስ መኪና ተብሎ የተመዘገበ ሚኒቫን በየቀኑ ለሥራ ዕቃ ሲያመላልስ ይውላል። የመድን ቅጹ ላይ «ለግል አገልግሎት» ተብሎ ተሞልቷል፤ ዓረቦኑ ይቀንሳልና። ከአደጋ በኋላ ግን ሰርቬየሩ ከመኪናው ውስጥ የሚያወጣው የሲሚንቶ ከረጢትና የብየዳ ጭንብል ነው። ስለ መድን የሚደነግገው የ1952 የንግድ ሕግ ክፍል አዲሱ የንግድ ሕግ በ2013 ከወጣም በኋላ በሥራ ላይ ያለ ነው፤ አደጋውን የሚያከብድ ነገር አውቆ የደበቀ ሰው ውሉ ፈራሽ እንደሚሆንበት ይናገራል። በዓረቦን ላይ ጥቂት ሺህ ብር ያተረፈው ሰው መኪናውንም ጨምሮ ሊያጣ ይችላል። እዚህ ላይ ለባለመኪናው አላዝንም። ይልቅ የሚያሳዝነኝ በወር ደመወዝ የተቀጠረው ሹፌሩ ነው፤ ቅጹ ላይ ምን እንደተሞላ ሳያውቅ ነው መሪውን የሚይዘው። ከኋላ ዕቃው መካከል ተጨናንቆ የሚሄደው ረዳትም አለ። ያልታሰረ ጄኔሬተር ባለበት መኪና ፍሬን ሲያዝ ማን ላይ እንደሚመጣ ለመገመት መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም።

መኪናውን በባንክ ብድር የገዛ ሰው ደግሞ ሌላ ነገር ይታዘባል። ባንኩ ያለ ሙሉ ኢንሹራንስ ብር አይለቅም፤ ውሉ ላይም የባንኩ መብት እንዲጻፍ ያስገድዳል። መኪናው ቢጠፋ ካሳው መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ባንኩ ነው። ተገቢ ነው፤ ገንዘቡ የሱ ነውና። ግን የብድሩ ወርሃዊ ክፍያ የሚመጣው ከመኪናው ሳይሆን በመኪናው ከሚጓጓዘው መሣሪያ ነው። መሣሪያው በተሰረቀ ማግስት ብድሩ መበላሸት ይጀምራል። አበዳሪዎች ይህንን ቢያሰሉ ኖሮ የመሣሪያ ሽፋን ይኑር የሚለው ግፊት ከነሱ በመጣ ነበር። እስከዚያው ባለሙያው የተሰረቀበትን የሚተካው ዕቁብ ሲደርሰው ወይም ከጓደኛ ተውሶ ነው።

ስለዚህ መድንን ከሚቆጣጠረው ብሔራዊ ባንክም፣ ከኩባንያዎቹም የሚጠበቀው ትልቅ ነገር አይደለም። ለሥራ መኪና አንድ ውል፦ ከፊት ተሽከርካሪው፣ ከኋላ በዝርዝር የተመዘገበው መሣሪያ፤ ሌሊት የት ሊያድር እንደሚገባው፣ ምን ዓይነት ቁልፍ እንደሚያስፈልግ፣ ተቀናሹ ስንት እንደሆነ በአማርኛ የሚናገር አንድ ገጽ። አደጋው በርግጥ ከባድ ነው ካሉ ዓረቦኑን ከፍ ያድርጉት። ባለሙያው ዋጋውን አይቶ ይወስናል። አሁን ግን ምን እንዳልገዛ እንኳ አያውቅም።

ውሉ እስኪመጣ የሚጠብቅ ሰው ግን በዚህ ዓመት እድሳቱ ሲደርስ ያለፈውን ቅጽ ዝም ብሎ አይፈርም። ዕቃውን በዛሬ ዋጋ ይዘርዝር፣ ያለውን ደረሰኝ ይሰብስብ፣ ደረሰኝ የሌለውን ሲሪያል ቁጥሩን ፎቶ ያንሳ፣ የመኪናውን አገልግሎት እውነቱን ይሙላ። ከዚያ ወኪሉን ሌሊት ቆሞ ሳለ የተሰረቀ መሣሪያ ይከፈል እንደሆነ ይጠይቀው። ወኪሉ «አዎ፣ ይሸፈናል» ካለ ያንኑ ቃል ከውሉ ጋር በሚያያዝ ኢንዶርስመንት አስጽፎ ማኅተም ያስደርግበት። በቃል ብቻ ነው የምለው ካለ፣ ከጎኑ ያለው ሕንፃ ላይ ሌላ ኢንሹራንስ ኩባንያ አይጠፋም።